በመቃብር የቀናሁባት ጎረቤቴ

ሰው በሀብት ይቀናል፣ በልጅ ይቀናል፣ በባል ይቀናል። እኔ በመቃብር ቀንቼ ነው የኖርኩት። ይህን ስናገር የሚስቅ አለ፤ ይሳቅ። የራሱን ሰው አልቅሶ የቀበረ፣ ሳይቀብር የቀረ ሰው ምን እንደሚያምረው አያውቅም።

የቀናሁባት ጎረቤቴ ናት። ሐይቅ ከተማ፣ ከደሴ ወደ ወልድያ የሚያልፈው አስፋልት ዳር፣ የሷ ግቢ ከፊት ነው፣ የኛ ከጀርባ። በመካከላችን የቅንጭብ አጥር አለ። አጥር መባሉ ለወጉ ነው እንጂ ከልጅነታችን ጀምሮ ሰው የሚያሾልክ ቀዳዳ አለው። እነሱ ክርስቲያን ናቸው፣ እኛ እስላም። በኛ አገር ይህ ለወሬ የሚበቃ ነገር አይደለም፤ የማነሳው በኋላ ስለሚያስፈልገኝ ነው። በአንድ ዓመት ትበልጠኛለች፤ በዚህች በአንድ ዓመትም ስትኮራብኝ ኖራለች።

ሁለታችንም ታላቅ ወንድም ነበረን። የሷ ወንድምና የኔ ወንድም አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው የተማሩ፣ አንዱ የሌላውን ልብስ ለብሶ የሚወጣ፣ አንዱ ቤት ምሳ በልተው ሌላው ቤት የሚደግሙ ጓደኛሞች ነበሩ። የትኛው የት እንዳለ ስለማይታወቅ እናቶቻችን ሲጣሩ የሁለቱንም ስም አያይዘው ነበር። ቁመታቸው እኩል፣ ሁለቱም ጠይም። ከኋላቸው ሳያቸው እኔ ራሴ ተሳስቼ የሷን ወንድም በወንድሜ ስም ጠርቼው አውቃለሁ።

በቀይ ሽብር ዘመን፣ ገና ተማሪዎች ሳሉ፣ አንድ ምሽት አንድ ላይ ተያዙ። ምን እንዳደረጉ የነገረን የለም። እናቴ ስንቅ ቋጥራ ብትሄድ «እዚህ የሉም» አሏት፤ የሷንም እናት እንዲሁ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ጎህ ሲቀድ ወደ አምባሰል በሚወስደው መንገድ ዳር ሬሳ ተገኘ ተባለ። የተገኘው አንድ ነው። የጎረቤቴ እናት ሄዳ «ልጄ ነው» ብላ አነሳችው።

ያኔ ማልቀስ ክልክል ነበር። ለሞተው ያለቀሰ የአብዮቱ ጠላት ይባላል። እሷና ባሏ በጋቢ ጠቅልለው፣ ከተማው ዳር ካለው ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ወስደው፣ አንድ ጩኸት ሳያሰሙ ቀበሩት። በምን እንዳወቀችው፣ ምን እንዳየች ለማንም አልተናገረችም። ያን ጊዜ የማይነገር ስለሆነ ሳይነገር ቀረ፤ ኋላ ደግሞ ዝም ማለቱ ተለመደ። እኛም አልጠየቅንም። የሰው ቁስል ማን ይነካል?

የኔ ወንድም ግን እንደወጣ ቀረ።

ከዚያ ወዲህ እናቴ የግቢያችንን በር መቀርቀር ተወች። ልጅ ሲመጣ ማን ይከፍትለታል ትላለች። ለሞተ ሰው ሰደቃ ይወጣል፤ ለሱ ሰደቃ ይውጣ ያላት ሰው ግን ጠላቷ ነው። አባቴ አንዴ ቢሞክር ስንት ወር ሙሉ አኩርፋው ከረመች። ደርግ ወደቀ፣ የታሰረ ተፈታ፣ የተሰደደ ተመለሰ፤ ከደሴ የመጣ አውቶቡስ በቆመ ቁጥር እናቴ የሚወርደውን ሰው ፊት ቆማ ታያለች። ልትሞት ስትል እጄን ይዛ «ልጆችሽን አደራ» አላለችኝም። «በሩን አደራ» ነው ያለችኝ። አደራ በልቼ አላውቅም። ሌባ ዶሮዬን ወስዶብኛል፣ ጅብ በጌን ወስዶብኛል፤ በሩን አልቀረቀርኩም።

ጎረቤቴ ግን መቃብር ነበራት። ደርግ ከወደቀ በኋላ ተዝካሩን በይፋ አወጡ፤ ከዚያም በየዓመቱ መታሰቢያ አለ። በኛ አገር ክርስቲያን ሲደግስ ለእስላም ጎረቤቱ በግ ለብቻ ይገዛል፣ እስላም ያርዳል፣ በእስላም እጅ በሌላ ድስት ይሠራል። የዚያ ድስት ባለቤት እኔ ነበርኩ። ለሷ ወንድም መታሰቢያ ሽንኩርት ስከትፍ እንባዬ ይወርዳል፤ ሰዉ የሽንኩርቱ ይመስለዋል። ለኔ ወንድም የሚከተፍ ሽንኩርት የለም እያልኩ ነበር የማለቅሰው። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ እንባስ አልገደደኝም፣ የማፈስበት አፈር ነው ያጣሁት።

ከመቃብሩ ስትመለስ ፊቷ ቀለል ብሎ ትገባለች። «የት ነበርሽ?» ስላት «ጎብኝቼው መጣሁ» ትላለች፤ ማዶ ሰፈር ቤት ሠርቶ የወጣ ወንድም ያላት ይመስል። ይቺ «ጎብኝቼው» የምትል ቃሏ አንጀቴን ታሳርረው ነበር። እህቴ ናት፣ ልጆቼን አዝላልኛለች፣ ስወልድ አርሳኛለች፤ ግን ያን ቃል ከአፏ ባወጣች ቁጥር ቅንጭቡን ከሥሩ ነቅዬ ቀዳዳውን ብደፍነው ደስ ይለኝ ነበር።

ኋላ ለውጥ መጣ ተባለ። ሬድዮኑም ቴሌቪዥኑም ትናንት የማይባለውን ይል ጀመር። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አዲስ የታሪክ አስተማሪ ተመድቦ ነበር፤ የአምባሰል ልጅ፣ ቀጭን፣ ጥያቄ የማይሰለቸው። ተማሪዎቼ በገዛ ከተማቸው የሆነውን አያውቁም፣ ያዩ ሰዎች እየመጡ ይንገሯቸው፣ በየዓመቱም አንድ የመታሰቢያ ቀን ይኑር አለ። ቀድሞ የሄደው ጎረቤቴ ዘንድ ነው። ከዚያ ሰው ጠቁሞት ጨርቅና ክር ወደምሸጥባት ሱቄ መጣ።

«እትዬ፣ የርስዎም ወንድም አብሮ ነበር አሉኝ።»

«ነበር።»

«መቃብሩ የት ነው?»

«ቢኖረው እዚህ ተቀምጬ ክር ስጠቀልል ታገኘኝ ነበር?»

ልጁ ደነገጠ፤ አሳዘነኝም። ጥፋቱ የሱ አይደለም። ተማሪዎቹ ታሪኩን ከሰሙ በኋላ አበባ ይዘው መቃብር ስለሚሄዱ፣ ዘንድሮ መቃብር ባለው እንጀምር፣ ደብዛቸው ለጠፉት ደግሞ ለከርሞ እናስባለን ብሎ አስረዳኝ። ደብዛው የጠፋ። ወንድሜ ከሞተ በኋላ እንኳ ተራ ጠብቅ ተባለ። ልጁ ከወጣ በኋላ አንዲት ደንበኛ ቀይ ክር ስትጠይቀኝ ጥቁር ሰጥቼ ሰደድኳት።

በመታሰቢያው ቀን ደህና ቀሚሴን ለብሼ ሄድኩ። ለምን ሄድሽ ብትሉኝ፣ ለመቅናት ነው የሄድኩት። አዳራሹ በተማሪ ተሞልቶ መስኮት ላይ ሁሉ ተቀምጠዋል። ጎረቤቴ ነጭ በነጭ ለብሳ ስትገባ ልጆቹ በሙሉ ተነሱላት። እኔ ከኋላ ነበርኩ፤ እኔም ተነሳሁ፤ ለሷ ተነስቼ አላውቅም ነበር። ከፊት አስቀመጧት፣ ውኃ አቀረቡላት፣ ድምፅ ማጉያ ያዙላት። ያቺ ተረት ስትጀምር መጨረሻውን አስቀድማ የምታበላሽ ሴትዮ ዛሬ ለከተማው አፍ ሆነች አልኩ በሆዴ።

ሆኖም ደህና አድርጋ ተናገረች። ሳትቸኩል፣ ሳታጋንን። ልጆቹ ትንፋሻቸውን ይዘው ሰሟት። ከዚያ አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ «ወንድምዎ መሆኑን በምን አወቃችሁ?» አላት።

«ፊቱ አይታይም ነበር፣ ልጄ» አለችው። «እናቴ በሹራቡ ነው ያወቀችው። በእጇ የሠራችለት አረንጓዴ ሹራብ ነበረው። የቀኝ ክርኑ ላይ በቡናማ ክር ተጥፎ ነበር። ማን እንደጣፈለት እስካሁን አናውቅም፤ እቤታችን ቡናማ ክር አልነበረም። ግን ሹራቡ የሱ ነው፤ ዓይኗን ጨፍና ታውቀዋለች።»

እኔ አውቀዋለሁ ማን እንደጣፈው።

ሹራቡን ተውሶ የለበሰው ወንድሜ ነበር። የትምህርት ቤቱ ሽቦ አጥር ክርኑ ላይ ቀደደበት፤ የሰው ልብስ ቀድጄ እንዴት እመልሳለሁ ብሎ እናቴን ተለማመጠ። አረንጓዴ ክር አልነበራትም። የኔን ቡናማ ሹራብ አምጥታ ከታች ጠርዙን ተርትራ በሱ ክር ጣፈችለት። እኔ አለቀስኩ። ለሰው ልጅ ሹራብ የኔ ሹራብ ለምን ይተረተራል ብዬ መሬት ላይ ተንከባለልኩ። ትንሽም ሆኜ ቀናተኛ ነበርኩ፤ ቅናቴ ነው ያን ቀን በአእምሮዬ ያስቀረልኝ። ወንድሜ ሹራቡን ለበሰ፣ አገጬን ያዝ አድርጎ «ማታ እመልስለታለሁ፣ አታልቅሺ» አለኝና ወጣ። የተያዙት በዚያ ምሽት ነው።

አዳራሹ ውስጥ ሰው ሁሉ ያለቅሳል። እኔ እንባ አልመጣልኝም። መልሶለት ይሆን? ተያይዘው ከመሄዳቸው በፊት መንገድ ላይ ተቀያይረው ይሆን? የሚያውቁት ሁለቱ ናቸው፤ ሁለቱም የሉም። እናቶቻችንም አልፈዋል። ተማሪዎቹ አበባቸውን ይዘው ሲሰለፉ እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ከኋላ ከኋላ ተከትዬ ቅጥሩ ድረስ ሄድኩ። ጎረቤቴ መቃብሩ ላይ እጇን አሳርፋ «ወንድሜ» አለች። በጀሊሉ እምላለሁ፣ ያን እጇን ከዚያ ላይ ማንሳት ነበር ያማረኝ።

ከዚያ ወዲያ ቅናቴ ሌላ መልክ ያዘ። ድሮ የሷ ነገር ነበር ያማረኝ፤ አሁን የራሴን ነገር በሷ እጅ የማይ መሰለኝ። መቃብሩ ላይ የምታበራው ሻማ፣ የምታስቆርሰው ዳቦ፣ የምትጠርገው ቅጠል፣ ሁሉም የኔ ነበር። አንድ ቀን ማንም ሳያየኝ ከግቢዬ ጥግ አንድ እግር እሬት ነቅዬ ወስጄ ራስጌው ላይ ተከልኩ። በኛ በእስላሞቹ መቃብር እሬት ይተከላል፤ ያለ ውኃም ስለሚኖር ነው መሰለኝ። በልቤ ፋቲሃ ቀርቼ ወጣሁ። ጎረቤቴን ግን ሸሸኋት።

«ምን አደረግኩሽ? ኮራሽብኝ» አለችኝ በቀዳዳው በኩል።

«ወላሂ ምንም። ሱቁ ነው።»

«ሱቅሽ ዛሬ ነው እንዴ የተከፈተው?»

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ፤ ምን ብዬ ልመልስላት? ብነግራት እቀማታለሁ። ዝም ብላት ወንድሜን እቀማለሁ።

ይባስ ብሎ ተማሪዎቹ ሐውልት ይቁም አሉ። ከተማው ተስማማ። ድንጋይ ጠራቢው ጥቁር ድንጋይ አመጣ፤ የጎረቤቴ ወንድም ስም ሊቀረጽበት ተወሰነ። እዚህ ላይ እንቅልፍ አጣሁ። አፈር ዝም ይላል፣ ድንጋይ ግን ይናገራል። ስሙ አንዴ ከተቀረጸ ወንድሜ እስከ ዕለተ ቂያማ በሰው ስም ተኝቶ መቅረቱ ነው። ስለዚህ ማጓተት ጀመርኩ። ፊደሉ አነሰ አልኩ። ድንጋዩ ጎኑ ጠማማ ነው አልኩ። ዝናቡ ይውጣ አልኩ። አስተማሪው «እትዬ፣ ለጎረቤትዎ ወንድም እንዲህ መጨነቅዎ ደስ ይላል» አለኝ። ደስ አይበልህ ማለት አይቻልም።

እንዲህ ሳጓትት ጦርነቱ መጣ። መጀመሪያ ከሰሜን የሚሸሽ ሰው አለፈ፤ ፍራሽ የጫነ ባጃጅ፣ ጥጃ የሚጎትት ገበሬ፣ ልጅ ያዘለች ልጅ። ቀጥሎ ከአምባሰል ተራሮች በኩል የከባድ መሣሪያ ድምፅ ቆርቆሮአችንን ያንቀጠቅጠው ጀመር። ልጆቻችንን ወደ ደሴ ሰደድን። እኛ ሁለታችን ቀረን፤ እሷ ጉልበቷ አይሄድላትም፣ እኔ የበሩ አደራ አለብኝ። ከተማዋ ከሰሜን በመጡት ታጣቂዎች እጅ ስትገባ የሷ ቤት አስፋልቱ ፊት ስለሆነ በቀዳዳው ሾልካ እኔ ዘንድ ገባች።

«በሩን እንኳ አትቀረቅሪም?» አለችኝ።

«አደራ ነው።»

«ይህ ሁሉ ጠመንጃ በሚዞርበት?»

«ለጠመንጃማ መቀርቀሪያ ምኑ ነው?»

በተከፈተ በር ሁለት ባልቴት ተቀምጠን ንፍሮ እየቆረጠምን ሰነበትን። ስልክ የለ፣ መብራት የለ። እሷ በውዳሴዋ፣ እኔ በዚክሬ። ፍርሃት ሲበዛ ቅናት ይቀንሳል የሚል ሰው ካለ ዋሽቷል፤ እንደዚያም ሆኜ ማታ ማታ ስትጸልይ የወንድሟን ስም ስትጠራ ጥርሴን እነክሳለሁ።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ተኩሱ ጋብ ሲል አንድ የሰፈራችን ሽማግሌ መጥተው ከባሕር ዛፉ ሥር ልጅ ወድቋል፣ ውሻ ሳይደርስበት እንቅበረው አሉ። ሄድን። ሃያ ዓመት እንኳ የሚሞላው አይመስልም። የላይ ልብሱ ተገፏል፤ በአንገቱ ክር የለ፣ በኪሱ ወረቀት የለ። የነሱ ይሁን የኛ፣ ክርስቲያን ይሁን እስላም፣ የሚያስታውቅ ነገር የለውም። ሽማግሌው ቆፈሩ፣ እኛ በእጃችን አፈር አወጣን። ጎረቤቴ ነጠላዋን አውልቃ ፊቱን ሸፈነችው።

«የማን ነው ብለን እንቅበረው?» አሉ ሽማግሌው።

«የእናት ልጅ ነው» አለች።

እሷ አማተበች፣ እኔ ፋቲሃ ቀራሁ፤ ካንዱ አያልፍም ብለን።

ቤት ተመልሰን እጃችንን ስንታጠብ ውኃ እያፈሰስኩላት ነበር። «የዚህ ልጅ እናት ዛሬም ነገም እንደ እናትሽ በር ከፍታ ትጠብቃለች» አለችኝ። እንደ እናትሽ ስትል ልቤ ተከፈተ። ለመናገር አላሰብኩም፤ አፌ ራሱ ተናገረ።

«ሹራቡን የጣፈችው እናቴ ናት።»

እጇን ከውኃው ሥር አላወጣችም። «በምን ክር?»

«ከኔ ሹራብ በተተረተረ ክር። ያን ቀን ለብሶት የወጣው ወንድሜ ነው። ማታ እመልስለታለሁ ብሎኝ ነበር። መልሶለት እንደሆነ አላውቅም።»

ጣሳው ባዶ እስኪሆን አፈሰስኩ። ከዚያ እጇን በቀሚሷ ጠረገችና ደጃፉ ላይ ተቀመጠች።

«እሬቱን ያየሁ ዕለት አንድ ነገር እንዳለ ገብቶኝ ነበር» አለች። «በአጥሩ ባይ፣ ከግቢሽ ጥግ አንድ እግር ጎድሏል።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ብጠይቅሽ ትነግሪኛለሻ።»

ትስቃለች ብዬ ጠበቅኩ፤ አልሳቀችም። አፈር የገባበት ጥፍሯን እያየች ቀጠለች። «እናቴ ያን ሹራብ ባየች ጊዜ ልጄ ነው አለች። ከቀበረችው በኋላ ግን እግሩ የሱን እግር አልመሰለኝም እያለች አንዳንዴ ትቃዥ ነበር። ሰው ያበጠ ሬሳ ምኑን ይለያል ብለን ዝም አሰኘናት። ታውቂያለሽ? እኛ በናንተ ስንቀና ነው የኖርነው።»

«በኛ? በምናችን?»

«በበሩ። እናትሽ በሩን ከፍታ ስትተኛ እናቴ በአጥሩ ታያት ነበር። እሷ ልጅ አላት፣ እኔ ያለኝ አፈር ነው ትል ነበር። እናቴ ስትሞት ቅናቷን ለኔ አወረሰችኝ። አንቺ አውቶቡስ ሲቆም ቀና ስትይ ባየሁ ቁጥር ይቆጨኝ ነበር፤ እኔ ለማን ብዬ ቀና ልበል?»

ይህን ሁሉ ዓመት እኔ በቀዳዳው ወደሷ ሳይ እሷ ወደኔ ታይ ነበር ማለት ነው። አንድ ቅንጭብ ነው የጋረደን።

«እንግዲህ እሱ ያንቺ ከሆነ» አለች፣ «የኔስ የት ነው?»

ይህን ጥያቄ ዕድሜዬን ሙሉ እኔ ስጠይቀው ኖሬያለሁ። መልስ እንደሌለው ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ወንድሜን በእጄ ያስገባሁ ቀን ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። ደስታው አልመጣም። «አፉ በይኝ» ብዬ አጠገቧ ተቀመጥኩ፤ ትከሻችን ተነካክቶ እስኪመሽ እንዲሁ ዋልን።

ታጣቂዎቹ ሲወጡ ልጆቻችን ተመለሱ። ትምህርት ቤቱ መስኮቱ ረግፎ፣ ወንበሩ ማገዶ ሆኖ ቆየን። የድንጋይ ጠራቢውም ቤት ተዘርፏል፤ ጥቁሩ ድንጋይ ግን ደጁ ላይ እንደቆመ ነው። ድንጋይ ማን ይዘርፋል? አስተማሪው ከስቶ መጣ። የመታሰቢያው ቀን ይቀጥል፣ አሁን የሚያስፈልገን ከበፊቱ የበለጠ ነው አለ። ተማሪዎቹ ውስጥ አባት የሌለው፣ ወንድም የሌለው በዝቷል። የሚጠይቁትም ጥያቄ ተለውጧል፤ ድሮ «ለምን ገደሏቸው?» ነበር የሚሉት፣ አሁን «ሰው ከዚያ በኋላ እንዴት ይኖራል?» ይላሉ።

ጠራቢው መሮውን ይዞ «ማን ብዬ ልጻፍ?» ሲል ጎረቤቴ እኔን አላየችም። ከቤተ ክርስቲያኑ አለቃ ጋር ተነጋግራ መጥታለች፤ እሳቸውም የተኛውን የፈጠረው ያውቀዋል ብለው ፈቅደዋል።

«ወንድማችን ብለህ ጻፍ» አለችው።

አስተማሪው ግራ ገባው። «እትዬ፣ ስም ከሌለው ተማሪው ከሱ ምን ይማራል?»

«ለማን እንደምናለቅስ እንኳ እንዳናውቅ ማድረጋቸውን ይማራል» አለች።

ድንጋዩ በቆመ ቀን ሁለታችንም ከፊት ተቀመጥን፤ እኔም ውኃ ቀረበልኝ፣ ለኔም ተነሱልኝ። እውነቱን ልናገር፣ ጣፈጠኝ። የሹራቡን ነገር እኔ የማውቀውን እኔ፣ እሷ የምታውቀውን እሷ ነገርናቸው። አንዲት ተማሪ ተነስታ «ታዲያ የማናችሁ ወንድም ነው?» ብትል፣ ሁለታችንም በአንድ አፍ «የኔ» አልን። ተማሪው ሁሉ ሳቀ። እኛም ሳቅን፤ ግን ማናችንም «የሷ ነው» ብለን አላረምንም።

በዚያው ሳምንት ለወንድሜ ሰደቃ አወጣሁ። እናቴ ከመቃብሯ ሆና ትሰማኝ ይሆን እያልኩ። በግ ታረደ፣ ዱዓ ተደረገ። ለክርስቲያን ጎረቤቶቼ ለብቻው በግ ገዝቼ፣ ድስታቸውን ጎረቤቴ ሠራች። ከማድቤቱ ጥግ ሽንኩርት ስትከትፍ እንባዋ ጉንጯ ላይ ይወርዳል። የሽንኩርት አለመሆኑን ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነኝ።

እንግዳው ተሸኝቶ የመግሪብ አዛን ሲሰማ ወደ በሩ ሄድኩ። አደራዬ አልቋል፤ የምጠብቀው ሰው የት እንዳለ ታውቋል። መቀርቀሪያው ከእናቴ ጀምሮ ተነክቶ ስለማያውቅ ዝጎ አልገባ አለኝ፤ በድንጋይ መታ መታ አድርጌ አስገባሁት። ቀና ብዬ ቆምኩ። ቀለል ይለኛል ብዬ ነበር፤ የመጣብኝ ብርድ ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እንደኔ ነው።

ጎረቤቴ ፀሐይ ስትገባ የቆርቆሮ በሯን ገጭ አድርጋ ነው የምትቀረቅረው። በዚያ ድምፅ ልጅ ሆኜ እራቴን በልቻለሁ፣ ትልቅ ሆኜ ሱቄን ዘግቻለሁ። ያን ምሽት በሯን ስትገፋ በአጥሩ ቀዳዳ አየኋት። በሩን መለሰችው። መቀርቀሪያውን ያዘች። ያንን ድምፅ ጠበቅኩ። እሷ ግን መቀርቀሪያውን ለቀቀችና ወደ ውስጥ ገባች።

አላህ ይየው፣ ቀናሁባት።